ውኃው ሲሸሽ የሚቀረው ጭቃ የማን ነው?

ስለ ከባድ ክረምት፣ ስለ ፎገራ ረግረግና ስለ ውኃ ዳር ወፎች በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ጉባዔ ላይ የቀረበ ንግግር






የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ በዚህ መድረክ እንድናገር ሲጋብዘኝ የርዕሱን ምርጫ ለእኔ ተወው። ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት፣ ስለ ብድርና ስለ ትርፍ ክፍፍል ከእኔ በተሻለ የሚያውቁ ወንድሞችና እኅቶች ከእኔ በፊት ተናግረዋል፤ ከእኔም በኋላ ይናገራሉ። እኔ የመረጥኩት ስለ ወፍ መናገር ነው። ከኋላ ወንበር ፈገግ ያላችሁትን አይቻለሁ። «ሩዝ አምራች ስለ ወፍ ምን አገባው? ለእኛ ወፍ ማለት ግሪሳ ነው» የምትሉ እንደምትኖሩም አውቃለሁ። ስለዚህ ከወዲሁ ነገሩን ላጥራ፤ የማወራው ስለ ግሪሳ አይደለም።

የማወራው ከሐይቁ ዳር ጭቃው ላይ ፈጠን ፈጠን እያሉ፣ ጭቃውን በቀጭን መንቁራቸው እየወጉ ትል ስለሚለቅሙት ወፎች ነው። እረኛ የሆነ ሁሉ ያውቃቸዋል። የሚጠሩበት ስም ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ዛሬ በጅምላ «የውኃ ዳር ወፎች» እላቸዋለሁ። ስለ እነሱ ማውራት የፈለግሁት ለውበታቸው ብቻ ብዬ አይደለም። እነዚህ ወፎች የሚበሉበት መሬትና እኛ በየዓመቱ የምንካሰስበት መሬት አንድ ስለሆነ ነው። እሱም ባሕር ሸሽ የምንለው መሬት ነው።

መቼም ጣናን ለዚህ ጉባዔ ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ሁለት ነገር ብቻ ላስታውስ። ሐይቁ ስፋቱ ወደ 3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ጥልቀቱ ግን ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ሰፊ ትሪ ላይ የፈሰሰ ውኃ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ በምሥራቅ በኩል ያለው የእኛ የፎገራ ሜዳ፣ በሰሜንም የደንቢያ ሜዳ፣ የዚያው ትሪ ጠርዞች ናቸው። ርብና ጉማራ ከጉና ተዳፋት ወርደው ሜዳው ላይ ሲደርሱ ጉልበታቸው ይከዳቸዋል። አፈሩ ዋልካ ነው፤ አንዴ ጠጥቶ ካበጠ በኋላ ውኃ ወደ ታች አያሳልፍም። ዝናቡ የሚወርደው በአመዛኙ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ሐይቁ በሰኔ መጀመሪያ ዝቅተኛ ቦታው ላይ ይሆናል፤ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት መጀመሪያ ደግሞ ጫፉ ላይ ይደርሳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው።

አንድ ሜትር ተኩል ሲባል ጥቂት ይመስላል። እስቲ አብረን እናስላው። አንድ ሺህ ሜትር ተጉዘን አንድ ሜትር ብቻ ዝቅ የሚል ሜዳ እናስብ። እንዲህ ባለ ሜዳ ላይ ውኃው በ10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል ዳሩ 100 ሜትር ወደ ማሳው ይገባል። አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ቢል አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ይገባል። የእኛን ሜዳ የሚያውቅ ሰው ይህ ስሌት ተጋነነ አይለኝም።

አሁን ወፎቹን እዚህ ሜዳ ላይ እናቁማቸው። ከሁሉ ትንሿ ስቲንት የምትባለው ናት፤ ክብደቷ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ቢያህል ነው። እግሯ አጭር ስለሆነ ውኃው ከሁለት ጣት ካለፈ መብላት አትችልም። ሩፍ የሚባለው ከእሷ ከፍ ይላል፤ አንድ ጋት ያህል ውኃ ውስጥ ገብቶ ይለቅማል። ጎድዊት የተባለው ባለ ረዥም መንቁር ደግሞ ስንዝር የማይሞላ ውኃ ድረስ ይገባል። ከዚያ በላይ ጥልቅ የሆነው ውኃ የዳክዬ፣ የዝይና የዓሣ አጥማጅ ወፍ ግዛት ነው። እንግዲህ ሐይቁ ያን ሁሉ ስፋት ይዞ ሳለ ለስቲንቷ የሚበቃት ከዳሩ እስከ ሁለት ጣት ጥልቀት ያለው ቀጭን መቀነት ብቻ ነው። ቅድም ባሰብነው ሜዳ ላይ ይህ መቀነት 40 ሜትር እንኳ አይሞላም። ውኃው ሲንቀሳቀስ መቀነቱ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ዝናብ በዛ፣ ዝናብ አነሰ ሲባል ለእሷ ትርጉሙ «መቀነቱ ዛሬ የት አለ?» ማለት ነው።

ክረምቱ ሲበረታ ምን ይሆናል?

ብዙዎቹ የውኃ ዳር ወፎች የሚራቡት እዚህ አይደለም። እንቁላል የሚጥሉት በሰሜን አውሮፓና በሳይቤሪያ ሲሆን፣ የዚያ አገር ብርድ ሳይጀምር ተነሥተው በረሃና ባሕር አቋርጠው ከነሐሴ አንሥቶ ወደ እኛ ይደርሳሉ። በመጋቢትና በሚያዝያ ይመለሳሉ። ልብ በሉ፤ የሚደርሱት ሐይቁ ሊሞላ በተቃረበበት ሰዓት ነው። ደክመውና ከስተው ይመጣሉ። የሚፈልጉት የሁለት ጣት ውኃ ግን ያን ጊዜ ከሐይቁ ዳር የለም፤ ሐይቁ ደንገሉን አልፎ ማሳ ውስጥ ገብቷል። ሩዙ ውስጥ ውኃ ቢኖርም ቡቃያው ስለረዘመና ስለጠነነ ወፏ ልትገባበት አትችልም። የሚቀራት ከብት የረገጠው ረግረግ፣ የመንገድ ዳር ኩሬ፣ በጎርፍ የተኛ የግጦሽ ሣር ነው። በነሐሴና በመስከረም ወፎች ከሐይቁ ርቀው በየጉድባው ሲለቅሙ የምታዩአቸው ጠፍቶባቸው አይደለም። መቀነቱን ተከትለው መጥተው ነው።

ቀጥሎ ያለው ደግሞ ደለል ነው። ከባድ ዝናብ ውኃ ብቻ አያመጣም፤ የጉናን አፈር ይዞ ይወርዳል። ይህን በሁለት ዓይን ማየት ያስፈልጋል። በርብና በጉማራ አፍ ላይ የሚከማቸው ደለል አዲስ የጭቃ ሜዳ ይሠራል፤ ይህ ለወፎቹ አዲስ ማዕድ ነው። በሌላ በኩል በአንድ ጎርፍ ብዙ ደለል ሲወርድ ጭቃው ውስጥ ያሉትን ትሎች ይቀብራቸዋል፤ ውኃውም ስለሚደፈርስ ውኃ ውስጥ የሚያድገው ተክል ብርሃን ያጣል። ደግነቱ ትሎቹ ቶሎ ይመለሳሉ። ማታ ማታ በሐይቁ ዳር መብራት ዙሪያ የሚንጋጋውን፣ ትንኝ የሚመስለውንና የማይናከሰውን ነፍሳት ታውቁታላችሁ። የእሱ እጭ ጭቃ ውስጥ የሚያድግ ቀይ ትል ነው። የውኃ ዳር ወፎች ዋና ቀለብ ከሆኑት አንዱም እሱ ነው።

ሦስተኛውን ነገር ብዙ ሰው አያስተውለውም፤ እኔ ግን ከሁሉ ይበልጥብኛል። ውኃ የተኛበት ሣር ይሞታል፣ ይበሰብሳል። የበሰበሰው ሣር የትሉ ምግብ ይሆናል። ከጥቅምት በኋላ ሐይቁ ቀስ እያለ ሲሸሽ ይህ የበለጸገ ጭቃ በየዕለቱ ጥቂት ጥቂት እየተገለጠ ይሄዳል። አንድ ሜትር ተኩል ውኃ በስምንት ወር ቢወርድ በቀን ስድስት ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ባሰብነው ሜዳ ላይ ስድስት ሚሊ ሜትር ማለት በየቀኑ ስድስት ሜትር አዲስ ጭቃ ማለት ነው። የትናንቱ ደርቆ ሲሰነጠቅ የዛሬው ይከፈታል። ስለዚህ ዝናብ የበዛበት ዓመት ለእነዚህ ወፎች ክፉ ዓመት ነው ማለት አይቻልም። እንዲያውም መስከረም ላይ ያስርባቸውና ከኅዳር በኋላ ያጠግባቸዋል። መሬቱ በሰፊው ሰጥሞ ስለነበር የሚገለጠውም ሰፊ ነው።

ጥጋቡ ደግሞ ያስፈልጋቸዋል። በመጋቢትና በሚያዝያ ወደ ሰሜን ከመነሣታቸው በፊት አንዳንዶቹ ከክብደታቸው ግማሽ የሚያህል ስብ ይጨምራሉ፤ የመንገዱ ስንቅ እሱ ነው። ያንን ስብ የሚሰበስቡት ከእኛ ጭቃ ነው።

እዚሁ የሚራቡትን መዘንጋት የለብንም። መሬት ላይ እንቁላል የሚጥሉ፣ ሰው ሲጠጋቸው እየጮኹ የሚዞሩ ወፎች አሉ። ዕለቱን የጣለ ዶፍ ጎጇቸውን ይዞባቸው ይሄዳል። ረዣዥም ጣቶች ያሉትና በተንሳፋፊ ቅጠል ላይ የሚራመደው ጃካና ግን ጎጆውን ውኃው ላይ ስለሚሠራ ቀስ ብሎ የሚሞላ ውኃ ያን ያህል አያስጨንቀውም፤ የሚያሰጥመው ድንገት የሚመጣ ጎርፍ ነው። እንደምታዩት ለሁሉም የሚያስፈራው የውኃው ብዛት ሳይሆን የፍጥነቱ ነገር ነው። ገበሬም ከዚህ የተለየ አይናገርም፤ ሩዝ ውኃ ሲተኛበት አይሞትም፣ ድንገት ሲያጥበው እንጂ።

የ1995ና የ1998 ዓ.ም. ነገር

ድሮ የሐይቁን ከፍታ የሚወስኑት ዝናብና ፀሐይ ነበሩ። በ1988 ዓ.ም. ጣና መውጫው ላይ የጨረጨራ ግድብ ከተሠራ በኋላ የበጋው ከፍታ የሰው ውሳኔም ሆኗል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። መብራት አያስፈልግም የሚል እዚህ አዳራሽ ውስጥ አይገኝም፤ የሩዝ መፈልፈያ ማሽኖቻችንም የሚዞሩት በእሱ ነው። ነገር ግን ውጤቱን ማወቅ አለብን።

በ1995 ዓ.ም. ዝናብ አንሶ ሐይቁ በጣም ወረደ። በሐይቁ ላይ መርከብ እስከ መቆም ደርሶ እንደነበር የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ሰፊ መሬት ተገለጠ። ያንን መሬት ምን አደረግነው? አረስነው። ደንገሉን ነቅለን፣ ለከብት የነበረውን ተካፍለን አረስነው። አንዳንዱ ጎጆውንም ወደዚያው አወረደ። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1998 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ከባድ ዝናብ መጣ። ርብና ጉማራ ከዳራቸው ወጡ፤ ሐይቁም ስለሞላ የወንዞቹን ውኃ አልቀበልም ብሎ ወደ ኋላ መለሰው። በፎገራ፣ በሊቦ ከምከምና በደንቢያ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተፈናቀለ። ሰብል፣ ከብትና ቤት ጠፋ። «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይባላል። በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ ያሳሳቀን ነበር።

ይህን የማነሣው የማንንም ቁስል ለመንካት አይደለም። ወፎቹ የሚፈልጉት መቀነትና ለእኛ አደጋ የሆነው መሬት አንድ መሆናቸውን ለማሳየት ነው። ያ መሬት በዝቅተኛው ዓመት የሰው፣ በከፍተኛው ዓመት የውኃ ነው። ደንገሉ ቢኖርበት ኖሮ የጎርፉን ጉልበት ይሰብር፣ ደለሉንም ያጣራ ነበር። ሣር ቢሆን ኖሮ ውኃው ቢተኛበትም የሚጠፋው ሣር ብቻ ነበር፤ እሱም በኅዳር ተመልሶ ይበቅላል። ታርሶ ሲገኝ ግን ገበሬው ዘሩን፣ ማዳበሪያውንና የማኅበሩን ብድር አብሮ ያጣል። ወፏም ታጣለች፤ ምክንያቱም ውኃው የሸሸበት ጭቃ በዚያው ሳምንት በማረሻ ከተገለበጠ እጩ ይደርቃል።

ከባድ ዝናብ ሌላ ጣጣም ይዞ መጥቷል። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እምቦጭ ሰሜናዊና ምሥራቃዊ ዳሩን ይዞታል። ወንዞቹ ከማሳ ላይ አጥበው የሚያመጡት ማዳበሪያና አፈር ቀለቡ ነው። ክረምት ላይ ንፋስ እየገፋ ወደ ዳር ያመጣዋል፤ ውኃው ሲሸሽ ደግሞ እዚያው ጭቃው ላይ ተኝቶ ይቀራል። ጃካና እንኳ ሊራመድበት ይችል ይሆናል። ስቲንቷ ግን በዚያ ምንጣፍ ሥር ያለውን ትል የምታወጣበት መንገድ የላትም። አረሙን ለመንቀል በየዘመቻው የወጣችሁ አባላት ሸክሙን ታውቁታላችሁ፤ ስለዚህ በዚህ ላይ አላስረዝምም።

የውኃ ብዛት ሐይቅን እንዴት እንደሚለውጥ ከእኛ ርቆም ታይቷል። በኬንያ ስምጥ ሸለቆ ያለው የናኩሩ ሐይቅ ከ2010 እስከ 2014፣ ኋላም በ2019ና በ2020 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በበዛው ዝናብ ምክንያት እየሞላ ሄደ። ጨዋማነቱ ቀነሰ፤ ዳሩ ያለ የግራር ዛፍ ውኃ ውስጥ ቆሞ ደረቀ። ከዓለም ዙሪያ ሰው ሊያያቸው ይመጣ የነበሩት ፍላሚንጎዎች ምግባቸው ሲያንስ በብዛት ወደ ሌሎች ሐይቆች ሄዱ። እነሱ የሚሄዱበት ሌላ ሐይቅ ስለነበራቸው ሄዱ። ወፍ ክንፍ አለው፤ ግን የሚያርፍበት ሁለተኛ ቦታ ከሌለ ክንፉ አይጠቅመውም።

ሩዝ፣ ጓያና የፎገራ ላም

ሩዝ ወደ ፎገራ የገባው በ1970ዎቹ ዓ.ም. በጅግናና በሻጋ በነበሩት የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት አማካይነት ነው። ኤክስ ጅግና የተባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። ይህን የማስታውሰው በበዓል ቀን የኅብረት ሥራን ታሪክ ማንሣት ተገቢ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ከሩዝ በፊት ያ መሬት ውኃ ስለሚተኛበት ብቻ ጠላት ተደርጎ ይታይ ነበር። ሩዝ ነው ከተኛው ውኃ ጋር ያስታረቀን። የሩዝ ማሳ ለወፉም ባዕድ አይደለም። በሴኔጋልና በጊኒ ቢሳው የሩዝ እርሻዎች ጎድዊቶችና ሩፎች በብዛት ይከርማሉ፤ ትሉንም፣ ከአጨዳ የተረፈውንም ፍሬ ይለቅማሉ። አንዳንድ ጊዜ የተዘራ ሩዝ ስለሚበሉ ገበሬው ይጣላቸዋል፤ ይህንንም አልደብቃችሁም።

እንግዲህ «ሩዙ ከታጨደ በኋላ ክትሩን ሳታፈርሱ ውኃ አቁሙላቸው» ብላችሁ ይለናል ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። በሌላ አገር እንዲህ ይመከራል። እኛ ዘንድ ግን ሩዝ ሳይነሣ ወይም እንደተነሣ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል። በጓያ ማሳ ላይ ውኃ ይቁም የሚል ሰው ገበሬ አይደለም። ስለዚህ የምጠይቀው ሁሉንም ማሳ አይደለም። በየማሳው ጥግ ምንም ዓመት ጓያ የማይይዝ፣ እስከ ጥር ድረስ ጭቃው የማይደርቅ ዝቅ ያለ ቦታ አለ። ያንን ቦታ በቦይ ቆርጦ ለማድረቅ የምናጠፋውን ጉልበት ብንተወው ምርታችን የሚቀንስ አይመስለኝም። በከባድ ክረምት ማግሥት ወፉ የሚያርፍበት ቦታ እሱ ነው። ቦይ ቆርጠን ውኃውን በፍጥነት ባባረርነው ቁጥር ደግሞ ከታች ያለው የጎረቤት ቀበሌ ነው የሚቀበለው። ይህን ከታች ያሉት ማኅበራት ተወካዮች በደንብ ይነግሯችኋል።

ስለ ፎገራ ላም ደግሞ ልናገር። በወተቷ የታወቀችው ይህች ከብታችን ውኃ የተኛበትን ሣር የለመደች ናት። የግጦሽ መሬቱ በሩዝ እየተተካ ሲሄድ ዝርያዋ እየተመናመነ መጥቷል። ብዙ ሰው ከብትን የወፍ ጠላት ያደርጋታል። እኔ በዚህ አልስማማም። ረዥም ሣር ውስጥ ስቲንት አትገባም፤ ከብት ያጨደችውና የረገጠችው አጭር ሣር ግን ለውኃ ዳር ወፎች የተመቸ ነው። በኮቴዋ የሚሠራው ጉድጓድ ውኃ ይይዛል፣ ትል ያፈራል። ስለዚህ ባሕር ሸሹ በግጦሽነት ቢቆይ ላሚቱም ወፏም ይተርፋሉ። ከቁጥር በላይ ሲሰማራበት እንደሚጎዳ ግን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልግም።

የኬሚካሉ ነገር ሳይነሣ ቢቀር ደስ የሚላቸው ይኖራሉ። ዩኒየናችን ፀረ አረምና ፀረ ተባይ ያቀርባል፤ ከዚህም ገቢ ያገኛል። በሐምሌና በነሐሴ የተረጨ መድኃኒት ዶፍ ሲጥል የሚሄደው የት ነው? ወደ ቦይ፣ ከቦይ ወደ ርብና ጉማራ፣ ከዚያ ወደ ዳሩ ጭቃ ነው። ነፍሳትን የሚገድል ነገር ጭቃው ውስጥ ያለውን እጭ አይምርም። እጩ ደግሞ የወፉ ብቻ ሳይሆን የዓሣ ጫጩትም ምግብ ነው። ዝናብ ሲያረግድ አለመርጨት፣ ከወንዝና ከቦይ ዳር ጥቂት ሜትር ሳይረጩ መተው፣ የባዶ ዕቃውን እጥበት ወንዝ ውስጥ አለመድፋት ገንዘብ አያስወጣም። የሽያጭ ሠራተኞቻችን ዕቃውን ሲሰጡ ይህችን ቃል አብረው ቢሰጡ መልካም ነው።

በማኅበር ተደራጅቶ ረግረግ መጠበቅ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በሆለታ አቅራቢያ ባለው በበርጋ ረግረግ በዓለም ላይ ቁጥሯ እጅግ ያነሰ አንዲት ትንሽ የረግረግ ወፍ በክረምት ትራባለች፤ የአካባቢው ማኅበረሰብም ረግረጉን ለመጠበቅ ተደራጅቷል። የጣና ዙሪያም በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ ተመዝግቧል። የምስክር ወረቀቱ በየቢሮው ተሰቅሎ ይገኛል። መሬቱ ላይ ግን የትኛው ለእርሻ፣ የትኛው ለሣርና ለደንገል እንደሆነ ገበሬው እንዲያውቅ በዓይን የሚታይ ምልክት ያስፈልገዋል።

ለዚህ ነው በዛሬው ጉባዔ ላይ አንድ ሐሳብ ለውሳኔ የማቀርበው። በእያንዳንዱ የሐይቅ ዳር ቀበሌ የ1998ቱ ውኃ የት ድረስ እንደመጣ የሚያውቁ ሽማግሌዎች በሕይወት አሉ። የየትኛውን ቤት ደጃፍ እንደነካ፣ የትኛው ዋርካ ሥር እንደቆመ ያስታውሳሉ። ከመጪው ክረምት በፊት መሠረታዊ ማኅበራቱ ከቀበሌ አስተዳደርና ከወረዳው የግብርና ባለሙያዎች ጋር ሆነው ያንን መስመር በሽማግሌዎች ምስክርነት ይለዩ፤ በየመቶ ሜትሩም ድንጋይ ይተከልበት። ከድንጋዩ በታች ያለውን ሁሉ ከእርሻ ይውጣ አልልም። ብዙ ቤተሰብ የሚኖረው በእሱ ነው፤ ሌላ መሬት ሳይሰጠው ተነሣ የሚለውን ሰው ሊሰማው አይገባም። የምለው ሁለት ነገር ነው። ከድንጋዩ በታች አዲስ ቤት አይሠራ። በዝቅተኛ ዓመት የሚገለጠው፣ ከዛሬው የእርሻ ጠርዝ እስከ ውኃው ያለው አዲስ መሬት ደግሞ ለግለሰብ አይታደል፤ የጋራ ግጦሽና የደንገል ቦታ ሆኖ ይቆይ።

ክቡራን የወረዳና የዞን ኃላፊዎች፣ ይህ ሁለተኛው በእናንተ እጅ ነው። ሐይቁ ሲሸሽ መሬት የለኝም የሚል ወጣት በየቢሯችሁ ደጅ እንደሚሰለፍ አውቃለሁ። «ባዶ መሬት እያለ» ይላችኋል። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ መልሱ ግን ከሦስት ዓመት በኋላ በጀልባ ሊነሣ በሚችል መሬት ላይ ማስፈር አይደለም። ዩኒየኑ በበኩሉ ለእነዚህ ወጣቶች የጋራ ሣሩን አጭዶ በመሸጥ፣ በወተት ማሰባሰብና ከብት በማድለብ በማኅበር የሚደራጁበትን ብድር ቢያመቻች ሸክሙ በእናንተ ላይ ብቻ አይወድቅም። ገንዘቡ ከየት ይምጣ ለሚለው ከዘንድሮው ትርፍ ከሚያዘው መጠባበቂያ የተወሰነው እንዲታይ ለቦርዱ በጽሑፍ አቅርቤያለሁ። ቦርዱ ቁጥሩን ይወቀው፤ እኔ ሒሳብ ሹም አይደለሁም።

የመጨረሻው ለትምህርት ቤቶች ነው። በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ በጥር ወር አካባቢ የውኃ ወፎች ቆጠራ ይካሄዳል። በዚያው ሰሞን የሐይቅ ዳር ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ከመምህራኖቻቸው ጋር አንድ ቀን ወጥተው ከተተከለው ድንጋይ እስከ ውኃው ያለውን ርቀት በገመድ ቢለኩ፣ ጭቃው ላይ ያሉትንም ወፎች ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ እያሉ ቢቆጥሩ ከባድ ሥራ አይደለም። ደብተሩ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ። ዝናቡ የበዛበት ዓመትና ያነሰበት ዓመት ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ በሚቀጥለው በዓላችን በዚህ መድረክ የሚቆም ሰው የፎገራን ጭቃ እንደ እኔ «አንድ ሺህ ሜትር ላይ አንድ ሜትር» እያለ በግምት ሳይሆን በተለካ ቁጥር ይነግራችኋል።